ጨው እንዴት ተራራ ይሆናል?

በእስራኤል ከአራድ ከተማ ወርዶ በሙት ባሕር ዳር ወደ ኤላት የሚሄድ ሰው፣ በመንገድ ቁጥር 90 ላይ በስተቀኙ አንድ ረዘም ያለ ተራራ ያገኛል። ሰዶም ተራራ ይባላል። ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ፣ አፈርማ ተራራ ይመስላል። ጠጋ ብለው ገደሉን ሲያዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይ ያለውን ስስ አፈርና ድንጋይ ከቀነሱት ተራራው ጨው ነው። በየዓመቱም ከፍ ይላል።

ይህን የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ግምት ይይዛል። አንደኛው፣ ባሕሩ ሲደርቅ ጨው እዚያው ተከምሮ ቀረ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እሳተ ገሞራ ከሥር ገፍቶ አወጣው የሚል ነው። ለሰዶም ተራራ ሁለቱም አይሠሩም። ጨው ከምድር ውስጥ በራሱ መንገድ ፈስሶ ይወጣል። የሚገፋውም እሳት ሳይሆን በላዩ የተጫነው ድንጋይ ክብደት ነው። ነገሩ ግር ይላል። ከላይ የሚጫን ነገር እንዴት ወደ ላይ ይገፋል? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

ይህን ያህል ጨው ከየት መጣ?

ከባሕር ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ይህ ትንሽ ነው። 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር እንዳለ ቢደርቅ፣ ከሥሩ የሚተርፈው ጨው ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በኪሎ ሜትር የሚለካ የጨው ንጣፍ እንዲፈጠር አንድ ባሕር አንዴ መድረቁ አይበቃም ማለት ነው። ከዋናው ባሕር በጠባብ በር የሚገናኝ ዝቅተኛ ቦታ ያስፈልጋል። ውሃው ይገባል፤ ፀሐይ ያተነዋል፤ ጨው ይቀራል፤ ሌላ ውሃ ይገባል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይደጋገማል።

በሙት ባሕር አካባቢ የሆነው ይኸው ነው። ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሜዲትራኒያን የተነሣ የባሕር ክንድ ወደ ሸለቆው ይገባ ነበር። የሸለቆው ወለል ደግሞ እየሰመጠ ስለነበር ጨዉ ተከማቸ እንጂ ሞልቶ አልቆመም። በኋላ የባሕሩ መግቢያ ተዘጋ። በጨዉ ላይ ወንዞች ያመጡት ጭቃ፣ አሸዋና ጠጠር ተደራረበ። ከዚህ በኋላ እነዚህን ሁሉ ደለል እላቸዋለሁ።

ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንዴት ይፈስሳል?

አሞሌ ያየ ሰው ጨው ጠጣር መሆኑን ያውቃል። አፋር ውስጥ በአሳሌ ሜዳ ላይ ጨው ሲቆረጥ ቅርፊቱ በመጥረቢያ ይመታል፣ በእንጨት ይፈነቀላል፣ ከዚያ ተጠርቦ ቅርጽ ይይዛል። ሲመቱት ይሰነጠቃል እንጂ አይፈስስም። ይህ ሁሉ ግን በፍጥነት ሲመታ ነው። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ለረጅም ጊዜ የሚጫነው ነገር ሲኖር ጨው ጠባዩ ይለወጣል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጨው ቅንጣት ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን በረድፍ ተደርድረው ይገኛሉ። ሳያቋርጥ የሚገፋቸው ነገር ካለ ረድፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። ሙቀት ሲጨምር መንሸራተቱ ይቀላል፤ ወደ ምድር ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ጥቂት እርጥበት አለ። ቅንጣቱ በብዛት በተጫነበት ጎኑ ይሟሟል፤ ባልተጫነበት ጎኑ ተመልሶ ይረጋል። ቅርጹ እንዲህ እየተቀየረ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጨዉ ቀልጦ አይደለም። ጠጣር እንደሆነ ነው የሚፈስሰው።

ይህን ለማየት ሚሊዮን ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ጥልቅ የጨው ማዕድን ማውጫ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በሥራ ዘመናቸው ያዩታል። የቆፈሩት መተላለፊያ ግድግዳው ወደ ውስጥ፣ ጣሪያው ወደ ታች ይመጣል። ዝም ከተባለ ክፍሉ ይዘጋል።

ታዲያ ወደ ላይ የሚገፋው ምንድን ነው?

ድሮ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ጨው ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል። እውነት አለው። የአንድ ሜትር ኩብ ጨው ክብደት 2,160 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቢቀብሩትም ይህ ቁጥር ብዙም አይለወጥም፣ ጨው በቀላሉ አይጠቀጠቅምና። ደለል ግን ይጠቀጠቃል። ገና የተደፋ ጭቃና አሸዋ ከጨው ይቀላል። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀበር ውሃው ተጨምቆ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከጨውም ይከብዳል። በዚያን ጊዜ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ይሆናል።

ችግሩ ከላይ ያለው ነገር ውሃ አይደለም። ድንጋይ ነው፤ ጥንካሬ አለው። ቀላል መሆን ብቻውን ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ አይቀድም። ማስረጃውም አለ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በካርልስባድ ከተማ አቅራቢያ ያለው የጨው ንጣፍ ወደ 250 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። በአብዛኛው ዛሬም አግድም ተኝቷል። ጊዜ ብቻ ቢበቃ ኖሮ እዚያም ትልልቅ የጨው ጉልላቶች፣ ማለትም ከጥልቅ የተነሡ የጨው ክምሮች፣ እናይ ነበር።

የጎደለው ነገር የጭነት መበላለጥ ነው። በክረምት በባዶ እግሩ ጭቃ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው በጣቶቹ መካከል ይወጣል። ጭቃው ወደ ላይ የወጣው ቀላል ስለሆነ አይደለም። እግሩ ከሥሩ ያለውን ተጫነው፣ በጣቶቹ መካከል ግን የሚጫነው አልነበረም። ጨውም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቦታ ወፍራም ደለል ሲከመር፣ በጎኑ ደግሞ ስስ ሲሆን፣ ጨው ከተጫነው ሥር ሸሽቶ ወደ ቀለለው ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ከመነሣት ሌላ መሄጃ የለውም።

ጭነት የሚበላለጠው በብዙ መንገድ ነው። ወንዝ ባሕር ሲገባ ደለሉን በአንድ በኩል ይከምራል። በተለይ ግን ምድር ስትሰነጠቅና ስትለጠጥ ከላይ ያለው ድንጋይ ይሳሳል፣ በር ይከፈታል። የሰዶም ተራራ የወጣው ዝም ብሎ የትም አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ትልቁ ስንጥቅ ባለበት መስመር ላይ ነው። ርዝመቱ ከስፋቱ ይህን ያህል የበለጠውም ስንጥቁን ተከትሎ ስለወጣ ነው።

ድንጋዩን በስቶ ነው የሚወጣው?

አንዳንዴ አዎ። በብዛት ግን አይደለም። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚታለፈው እሱ ነው።

ሥዕሎች ላይ የምናየው ከጥልቅ የተነሣ የጨው አምድ ነው። አምዱ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ቁመት ሊኖረው ይችላል። ስናየው በዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል እየበሳ የወጣ ይመስለናል። ነገር ግን ብዙዎቹ አምዶች ይህን አላደረጉም። የጨዉ አናት ገና ከመጀመሪያው፣ ሽፋኑ ስስ ሳለ፣ ወደ ምድር ገጽ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚያው ገጽ አጠገብ ቆየ። በዙሪያው ደለል ይከመራል። ደለሉ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ከሥሩ ያለውን ጨው ወደ አምዱ ይጨምቃል። አዲስ ደለል ይመጣል፤ እንደገና ይሰምጣል። አናቱ ከገጹ አጠገብ ሳይርቅ፣ ዙሪያው እየወረደ፣ አምዱ ረዘመ። እድገቱ ወደ ታች ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

የሥነ ምድር ባለሙያዎች የአንድን ጉልላት ታሪክ የሚያነቡትም ከዚሁ ነው። ጨዉ ራሱ ታሪኩን ጽፎ አያስቀምጥም፤ ሲፈስስ ሁሉም ይቀላቀላል። ጎረቤቱ ያለው ደለል ግን ያስቀምጣል። ጨው ከሥሩ ሸሽቶ በሄደበት ጊዜ መሬቱ ስለሚሰረጉድ፣ በዚያ ዘመን የተከማቸው ንጣፍ ወፈር ይላል። የትኛው ንጣፍ የት እንደወፈረ አይተው፣ ጨዉ መቼ እንደፈጠነ፣ መቼ እንደዘገየ ይናገራሉ። በሰሜን ጀርመን ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጨው አለ። የዚያን አካባቢ ጉልላቶች ታሪክ ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። በፍጥነት ያደጉበት ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የሚነሡት በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ባነሰ ነው።

መቼ ይቆማል? ከሥር ያለው ጨው ሲያልቅ። የላዩና የታቹ ድንጋይ ይገናኛሉ፣ ወደ አምዱ የሚሄደው መንገድ ይዘጋል።

የሰዶም ተራራ ማደጉ በምን ታወቀ?

በዋሻዎቹ። እዚያ የሚዘንበው በዓመት 50 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሲመጣ ግን በድንገተኛ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ከተራራው አናት በስንጥቅ ይገባና ጨዉን እያሟሟ መንገድ ያወጣል። በመጨረሻ በተራራው ግርጌ ይወጣል። ዋሻው ሲፈጠር መውጫው ግርጌው ላይ ነው።

ተራራው ሲነሣ ዋሻውም አብሮ ይነሣል። ውሃው ግን አሁንም ግርጌውን ይፈልጋል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ሌላ መንገድ ይቆርጣል። የቀድሞው መተላለፊያ ደርቆ ከላይ ይቀራል። እንዲህ እያለ ዋሻዎቹ ደረጃ በደረጃ ይደራረባሉ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ጎርፉ ሲመጣ ጭራሮና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይገባል። ከፊሉ በደረቀው መተላለፊያ ውስጥ፣ በጠጠርና በጭቃ መካከል ተወሽቆ ይቀራል። ጨውና ድርቀት ስላለ አይበሰብስም። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሞስ ፍሩምኪን እነዚህን እንጨቶች ሰብስቦ ዕድሜያቸውን በካርቦን አስለካ። አንጋፋዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ሆኗቸዋል። መተላለፊያው ዛሬ ያለበትን ከፍታ ለእንጨቱ ዕድሜ ሲያካፍሉት ተራራው የተነሣበት ፍጥነት ይገኛል። የሙት ባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ ማለቱም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ውጤቱ በዓመት ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ሆነ። ኋላ የመሬትን ከፍታ ለውጥ በራዳር የሚለኩ ሳተላይቶች ያገኙት ቁጥርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በዓመት 7 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። በ10,000 ዓመት 70 ሜትር ነው። ለተራራ ይህ ሩጫ ነው።

በገደሉ ፊት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ነጣ ያለ የጨው መስመር፣ ጠቆር ያለ የሸክላ መስመር፣ እንደገና ጨው። እነዚህ በጥንቱ ባሕር ወለል ላይ አግድም የተኙ ንጣፎች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጨዉ ወደ ላይ ሲፈስስ ይዟቸው ወጣ። ዝናብ ገደሉን ሲበላው ደግሞ አንዳንድ ቁራጭ ከተራራው ተለይቶ ብቻውን ይቆማል። ከእነዚህ አንዱን ሰዎች «የሎጥ ሚስት» ይሉታል፤ በዘፍጥረት የተጻፈውን የጨው ሐውልት በማሰብ።

ዝናብ አሟሙቶ አይጨርሰውም?

እንደ አገሩ ነው። ዝናብ በሚበዛበት፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ጨው ወደ ገጽ ቀርቦ የከርሰ ምድር ውሃ ሲነካው ይሟሟል። የማይሟሟው ቆሻሻ፣ ጂፕሰምና ሸክላው፣ አናቱ ላይ ተጠራቅሞ ክዳን ይሆናል። ክዳኑ በተራው ከሥሩ ያለውን ጨው ይጠብቃል። ሰዶም ተራራም እንዲህ ያለ ክዳን አለው፤ በዚያ ላይ አገሩ ደረቅ ነው። እንግዲህ የሚነሣው ከሚሟሟው ይበልጣል፣ ተራራውም ያድጋል።

በደቡብ ኢራን በዛግሮስ ተራሮች ነገሩ ከዚህም ያልፋል። እዚያ ያለው ጨው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ100 በላይ ጉልላቶች ገጽ ላይ ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ከአናታቸው ተርፈው በሸለቆው ወደ ታች ይፈስሳሉ፤ የጨው ግግር ይባላሉ። የሚገርመው የዝናብ ነገር ነው። ዝናብ ከላይ ያሟሟዋል፤ ግን ወደ ቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ ስለሚያለሰልሰው ፍሰቱንም ያፋጥነዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ጥናት ኩህ ናማክ በሚባለው ተራራ ላይ ያለ አንድ ግግር ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንድ ቀን እስከ ግማሽ ሜትር ተንቀሳቅሶ ተገኝቷል።

ዳሎልስ?

አማርኛ አንባቢ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ የጨው ሜዳ ላይ የተነሣ ጉብታ ነው። ከሜዳው 50 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በሥሩ ያለው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት እንዳለው ይገመታል። ቀይ ባሕር በተደጋጋሚ ገብቶ የደረቀበት ቦታ ነው። በሜዳው ዳርቻ የሚገኘው የጥንት ኮራል ለዚህ ምስክር ነው።

ይሁንና ዳሎልን ከሰዶም ጋር አንድ ማድረግ ስህተት ይመስለኛል። እዚያ ጨዉ ራሱ ገጽ ላይ ነው። ከላይ የሚጫነው ወፍራም ደለል የለም። ጭነት ከሌለ ደግሞ የሚጨምቀው የለም። በዳሎል ሥር ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ቅልጥ ዓለት። በ2004 መገባደጃ ቅልጥ ዓለት በዳሎል አካባቢ ከመሬት ሥር ሰርጎ እንደገባ ከሳተላይት መረጃ ታውቋል። በ1926 ደግሞ ትኩስ ውሃና እንፋሎት ጨዉን ፈንቅሎ ፈንድቷል። ስለዚህ ጉብታውን ያነሣው በዋናነት ከሥር የመጣው ግፊት እንደሆነ ይታመናል። «እሳተ ገሞራ ገፋው» የሚለው ግምት ለሰዶም ባይሠራም ለዳሎል ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ለሰው ምን ያገባዋል?

መጀመሪያ ነዳጅ። ጨው ነዳጅም ጋዝም አያሳልፍም። ሲወጣ በጎኑ ያሉትን ንጣፎች ወደ ላይ ያጥፋቸዋል፤ ነዳጅ በእጥፋቱ ውስጥ ይታሰራል። በቴክሳስ በቦሞንት አጠገብ ስፒንድልቶፕ የሚባል ጉብታ ነበር። ብዙዎች ነዳጅ የለውም ያሉትን ቦታ አንቶኒ ሉካስ የተባለ መሐንዲስ አስቆፈረ። ጥር 10 ቀን 1901 በፈረንጆች አቆጣጠር ከ340 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጥልቀት ነዳጁ ፈነዳ፤ በቀን 100,000 በርሜል እንደሚሆን ተገመተ። ጉብታው የጨው ጉልላት አናት ነበር።

ሁለተኛ ማከማቻ። አሜሪካ የመጠባበቂያ ነዳጇን የምታስቀምጠው በቴክሳስና በሉዊዚያና ጉልላቶች ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃ ወደ ጨዉ ይገፋል፣ የተሟሟው ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ነዳጅ ይሞላበታል። አጠቃላይ አቅሙ ከ700 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነው።

ሦስተኛው የኑክሌር ቆሻሻ ነው፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ይጠነክራል። ጨው ክፍተትን ራሱ ስለሚዘጋ ቆሻሻውን አቅፎ ይቀብራል የሚል ሐሳብ አለ። ከላይ ያነሣሁት የኒው ሜክሲኮ ንጣፍ ከ1999 ጀምሮ በ655 ሜትር ጥልቀት እንዲህ ዓይነት ቆሻሻ ይቀበላል። ጀርመን ግን ሌላ ነገር አየች። አሰ በሚባል አሮጌ የጨው ማውጫ ከ1967 እስከ 1978 ወደ 126,000 በርሜል ቆሻሻ ተቀበረ። በኋላ ውሃ ሰርጎ መግባት ጀመረ፤ አሁን በርሜሎቹ ተመልሰው እንዲወጡ በሕግ ተወስኗል። ለቆሻሻው መቀበሪያ ታስቦ ለዐሥርት ዓመታት ያከራከረው የጎርሌበን ጉልላትም በ2020 ከታሰቡት ቦታዎች ዝርዝር ወጥቷል። ለመቶ ሺህ ዓመታት የሚቀበር ነገር ሲሆን፣ ጉልላቱ በዓመት በምን ያህል ይነሣል የሚለው ጥያቄ የምርምር ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይሆንም።

በጨው ላይ የሚኖር ሰውም አለ። በቀይ ባሕር ወለል ሥር ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ወፍራም ጨው ተኝቷል። በሳዑዲ ዳርቻ ያሉትን ፋራሳን ደሴቶች ከፍ ያደረጋቸው እሱ ነው። በየመን ሳሊፍ ከጉልላት ጨው ሲቆፈር ኖሯል። ብዙ ወገኖቻችን ከየመን ሲሻገሩ ስሟን የሚያውቋት የሳዑዲዋ ጂዛንም፣ ነባር ክፍሏ የተሠራው በጨው ጉልላት ላይ ነው። ጉልላቱ ከሥር ቀስ እያለ ይገፋል፤ የቧንቧ ውሃና ፍሳሽ ወደ መሬት በሰረገ ቁጥር ደግሞ ጨዉ ይሟሟል፣ መሬቱ ይሰምጣል። በዚህ ምክንያት የብዙ ቤቶች ግድግዳ ተሰንጥቋል።